ጋራንቲውን ማን ይከፍላል? የላፕቶፕ ሻጩ ጥያቄና 26 ምላሾች

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ያነሳው መገናኛ አካባቢ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሰው ነው። ሱቁን ከከፈተ አምስት ዓመት ሆኖታል። ደንበኛ ከዋጋ ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ጋራንቲ ነው ይላል። እሱ እስካሁን የሚሰጠው የሦስት ወር ነው፤ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ማኅተም ይመታል፣ በቃ። ሦስት ወር ግን ማንንም አያረካም። ስለዚህ አንድ ነገር አስቧል። ደንበኛው ላፕቶፑን ሲገዛ ጥቂት ብር ጨምሮ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ጋራንቲ ይግዛ፤ ከጀርባ ደግሞ ኢንሹራንስ ይቁም። ዕቃው ሲበላሽ ወጪው ከሱቁ ኪስ ሳይሆን ከኢንሹራንሱ ይውጣ። ውጭ አገር እንዲህ እንደሚሠራ ከዘመድ ሰምቷል። ጥያቄው አጭር ነበር፤ እዚህ ይቻላል? ቢቻልስ ያዋጣል?

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተደረደረው ምልልስ፣ 26 ምላሽ ላይ ደርሷል። ሁሉንም አነበብኩ። ቁጥር 15 የራሴ ስለሆነ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም።

ቁጥር 1 ምርቃት ነው፤ ሐሳቡን አድንቆ፣ የጭብጨባ ምስል ለጥፎ ሄደ። ቁጥር 2 ጥያቄውን ዘሎ ሱቁ የትኛው ሕንፃ ላይ እንደሆነ ጠየቀ። ጨዋታው የተጀመረው ከቁጥር 3 ነው።

ቁጥር 3 ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ የካሳ ክፍል የምትሠራ ሴት ናት። ባለሱቁን እርስዎ እያለች በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፈችው። ግራ የሚያጋባን ዋስትና የሚለው ቃል ራሱ ነው አለች፤ ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ስም እንጠራለን። አንዱ ዕቃው ከውስጡ ሲበላሽ ነው፤ ማንም ሳይነካው ማዘርቦርዱ ሲሞት፣ ስክሪኑ መስመር ሲያወጣ፣ ባትሪው አልሞላም ሲል። ሌላው ከውጭ የሚመጣ አደጋ ነው፤ ሲወድቅ፣ ቡና ሲፈስበት፣ ሲሰረቅ፣ ሲቃጠል። ለሁለተኛው እዚህም ፖሊሲ (የመድን ውል) አለ፤ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መድን ይባላል። የሚገዙትም በአብዛኛው ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ይኸው ፖሊሲ ግን በአገልግሎት ብዛት ያረጀን፣ ቀድሞ የነበረን ጉድለት፣ ሻጩ ወይም አምራቹ በውል የሚጠየቅበትን ብልሽት አይሸፍንም። እንግዲህ ባለሱቁ የፈለገው ፖሊሲው በር ላይ ያስቀረውን ነው ማለት ነው። ቀሪው ክር በሙሉ በዚህች ነጥብ ዙሪያ ነው የሚዞረው። ግማሹ ሰው ግን ሳያነባት አልፏል።

እሷው አንድ ነገር አከለች። በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሌለው ሰው የመድን ሥራ መሥራት አይችልም። ሱቁ ለኢንሹራንሶች ልሽጥላቸውና ኮሚሽን ላግኝ ቢል እንኳ የወኪልነት ፈቃድ ያስፈልገዋል። አረቦን (ለመድን የሚከፈለውን ገንዘብ) ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ የለም።

ቁጥር 4 ደነገጠ። የሚሰጠው የስድስት ወር ጋራንቲ ሕገወጥ ሆኖ ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀ። እሱም ባለሱቅ ሳይሆን አይቀርም። ያረጋጋው ቁጥር 5 ነው፤ የሕግ ሰው ይመስላል። ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት መጠየቁ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ ያለ የሻጭነት ግዴታ እንጂ መድን አይደለም አለ። እንዲያውም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ጉድለት ካገኘ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የተሻለ ጋራንቲ በእጁ ካለ የተሻለው ይሠራለታል። ነገሩ የሚለወጠው ለብቻው ገንዘብ ተቀብሎ ለስርቆት እከፍላለሁ፣ ለመውደቅ እከፍላለሁ ሲል ነው። ያኔ ሰውየው ሻጭ መሆኑ ቀርቶ መድን ሰጪ መምሰል ይጀምራል። አንድ ብር ከመቀበልህ በፊት ለብሔራዊ ባንክ በደብዳቤ ጠይቅ ብሎ መክሮታል። ጥሩ ምክር ነው።

ቁጥር 6 የሳቅ ነው። የ15 ቀኑ ሕግና የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚለው ማስታወቂያ በአንድ ሱቅ ውስጥ ሳይጣሉ እንዴት እንደሚኖሩ እንዲያስረዱት ለመነ። ያስረዳው የለም።

በቁጥር 7 ሜሪላንድ የሚኖር ሰው ረጅም ጽሑፍ ይዞ መጣ። ለኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ይህንኑ ሥራ በሚያስተዳድር ድርጅት ውስጥ ሠርቷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ የፌዴራል ሕግ ሁለቱን ነገሮች በስም ለይታለች ይላል። ከዕቃው ዋጋ ጋር አብሮ የሚመጣው ዋስትና ነው። ለብቻው ገንዘብ የሚከፈልበት ደግሞ የአገልግሎት ውል ነው። ካሸሯ ሒሳብ ስትቀበል ሦስት ዓመት ልጨምርልዎት የምትለው ይህን ሁለተኛውን ነው። ከጀርባው ሦስት ወገን አለ። መደብሩ ይሸጥና ኮሚሽኑን ይይዛል። አስተዳዳሪው ድርጅት ስልክ ያነሳል፣ ጥገና ያዛል፣ ለጠጋኙ ይከፍላል። ኢንሹራንሱ ደግሞ ፖሊሲውን የሚሸጠው ለላፕቶፑ ባለቤት ሳይሆን ውሉን ለፈረመው ድርጅት ነው፤ ያ ድርጅት የገባውን ቃል የሚከፍልበት ገንዘብ ከዚያ ይመጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ ስቴቶች መነሻ ያደረጉት ሞዴል ሕግ ውሉን የሚፈርመው ድርጅት ከሦስት አንዱን እንዲመርጥ ያስገድደዋል። ወይ ውሎቹን ሁሉ በኢንሹራንስ ያስደግፋል። ወይ ከሰበሰበው ገንዘብ ላይ የከፈለው ካሳ ተቀንሶ ቢያንስ 40 በመቶውን ለብቻ ያስቀምጣል፤ በዚያ ላይ 5 በመቶ፣ ከ25,000 ዶላር ያላነሰ፣ መያዣ ያስይዛል። ወይ ደግሞ 100 ሚሊዮን ዶላር የተጣራ ሀብት እንዳለው ያሳያል። (ሀብታም እዚያም ዋስ አይጠየቅም ማለት ነው።) ኢንሹራንስ ያለው ውል ከሆነ፣ ደንበኛው ጥያቄውን አቅርቦ በ60 ቀን ውስጥ ካልተስተናገደ በቀጥታ ኢንሹራንሱ ዘንድ መሄድ ይችላል። ይህም በውሉ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጠዋል።

ቁጥር 8 ከለንደን ናት። ተማሪ እያለች ኮምፒዩተር መደብር ውስጥ ሠርታለች። ላፕቶፕ መሸጥ ሥራ አልነበረም ትላለች፤ ሥራው ጋራንቲ መሸጥ ነበር። በሳምንት ማን ስንት ጋራንቲ እንደሸጠ በሠራተኞች ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ላፕቶፑን ያለ ጋራንቲ ከሸጠች አለቃዋ ፊቱን ያጠቁር ነበር። ትርፉ ያለው ወረቀቱ ላይ ነበርና። የእንግሊዝ የውድድር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ይህን ገበያ መርምሮ ሸማቹ እየተጎዳ ነው አለ። በሚያዝያ እ.ኤ.አ. 2005 ትእዛዝ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ መደብሩ የጋራንቲውን ዋጋ ከዕቃው ዋጋ አጠገብ መለጠፍ አለበት። ዋጋውን በጽሑፍ ከሰጠ ለ30 ቀን ይጸናል፤ ደንበኛው ቤቱ ሄዶ፣ አስቦ፣ አማክሮ መመለስ ይችላል። ከአንድ ዓመት የሚበልጥ ጋራንቲ የገዛ ሰው ደግሞ በ45 ቀን ውስጥ ሐሳቡን ከቀየረ ሙሉ ገንዘቡ ይመለስለታል። ካሳ ጠይቆበት ካልሆነ ነው ታዲያ።

ይህችን የ45 ቀን ነገር ወድጃታለሁ። ሻጭ ፊት ቆሞ እምቢ ማለት ለእኛ ሰው ከባድ ነው። ይሉኝታ አለ።

ቁጥር 9 ስቶክሆልም የሚኖር ነው፤ ወሬውን በአንድ አንቀጽ ሊዘጋው ፈለገ። ስዊድን ውስጥ ሸማች በሕግ ለሦስት ዓመት ስለ ጉድለት ሻጩን መጠየቅ ስለሚችል፣ ለብልሽት ተጨማሪ ጋራንቲ መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው አለ። ቁጥር 10 ከዱባይ ሆኖ አላስዘጋውም። የስዊድን ሕግ የሚሠራው ሻጩ ነገም እዚያው ሱቅ ከተገኘ ነው አለ። አዲስ አበባ የሚሸጠው ላፕቶፕ ብዙው ከዱባይ ዴይራ ሰፈር ሱቆች በሻንጣ የሄደ ነው፤ እሱ ራሱ ልኳል። አንዳንዱ አምራች ዋስትናውን ለተሸጠበት አገር ብቻ ይሰጣል፤ አንዳንዱ የትም አገር ይቀበላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሲሪያል ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማየት ነው። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ከዚህ በኋላ ሒሳብ መጣ። ቁጥር 11 አካውንታንት ነው፤ በምሳሌ ነው ብሎ አስጠንቅቆ ጀመረ። ላፕቶፑ 50,000 ብር፣ ጋራንቲው 5,000 ብር ይሁን። መቶ ሰው ቢገዛ 500,000 ብር ይሰበሰባል። ስኩዌርትሬድ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት 30,000 ላፕቶፖችን ተከታትሎ በሦስት ዓመት ውስጥ 31 በመቶዎቹ እንደሚበላሹ ገምቷል፤ 20.4 በመቶው በራሱ ሲበላሽ 10.6 በመቶው በአደጋ ነው። እንግዲህ ከመቶው 20 በራሳቸው ተበላሹ እንበል፤ ጥገናው በአማካይ 15,000 ብር ቢያወጣ 300,000 ብር ይሄዳል። 200,000 ይተርፋል። ከዚያ ኢንሹራንሱም፣ ሱቁም፣ ስልክ የሚያነሳውም ይካፈላሉ። ያዋጣል ብሎ ደመደመ።

ቁጥር 12 አልተቀበለውም። መጀመሪያ፣ ስኩዌርትሬድ ራሱ ጋራንቲ ሻጭ ነው። ላፕቶፕ ይበላሻል ብሎ ቢያስፈራራ የሚጠቀመው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ መብራት የእኛ መብራት አይደለም። እዚህ መብራት ሄዶ ሲመለስ ስንቱን ቻርጀርና ቦርድ ይዞ እንደሚሄድ ጠጋኞችን ጠይቁ አለ። ሦስተኛው ነጥቡ ከሁሉም ይሻላል። ጋራንቲውን ማን ይገዛል? ስታብላይዘር ያለው፣ ላፕቶፑን በቦርሳ የሚይዝ ጥንቁቅ ሰው አይገዛም። የሚገዛው ሠፈሩ መብራት የሚያስቸግረው፣ ቤቱ ልጆች የሚሯሯጡበት ሰው ነው። ስለዚህ ከመቶ ሃያ ሳይሆን ከዚያ በላይ ይመጣብሃል።

ቁጥር 13 ላይ ድምፁ ተቀየረ። እስካሁን ባለሱቁ እርስዎ ሲባል፣ ወይ ወንድሜ ሲባል ነበር፤ እዚህ ላይ ደረቅ አንተ ሆነ። ሁላችሁም ትልቁን ነገር ረሳችሁ ብሎ ተነሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬውን ተመን ለገበያ ሲለቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ሳምንታት ሳይሞሉ ከ100 አለፈ። ስክሪን፣ ባትሪ፣ ቦርድ የሚመጣው በዶላር ነው። በ2015 የሦስት ዓመት ጋራንቲ በብር ሸጠህ ቢሆን ኖሮ የቁጥር 11 የ15,000 ብር ጥገና 30,000 ይሆንብህ ነበር። ሃያ ላፕቶፕ 600,000 ብር። የሰበሰብከው 500,000። የተረፈው 200,000 የት ሄደ? ወደ 100,000 ብር ዕዳ ዞረ። ኢንሹራንሱ ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ የሚከፍለው ፖሊሲው ላይ እስከተጻፈው ብር ድረስ ነው። ልዩነቱን ደንበኛው አንተን ነው የሚጠይቅህ፤ ፊትህን ነው የሚያውቀው።

አነጋገሩ ይቆረቁራል። ሒሳቡ ግን ትክክል ነው። ከ26ቱ ምላሾች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል በዚህና በቁጥር 3 መካከል እቸገራለሁ።

ቁጥር 14 ሒሳብም ሕግም አላስፈለገውም፤ ስድብ ነው ይዞ የመጣው። ሪፈርቢሽድ (አገልግሎ የታደሰ) ዕቃ አዲስ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ አሁን ደግሞ የሰው ፍርሃት ሊሸጥ ነው አለ። ደህና ዕቃ ቢሸጥ ጋራንቲ ባላስፈለገ። የቀረውን አልደግመውም። ባለሱቁ ያገለገለ ዕቃ እንደሚሸጥ የትም አልጻፈም።

ቁጥር 15 የእኔ ነው። ምክር አልነበረኝም፤ የደረሰብኝን ጻፍኩ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ የአንድ ዓመት ጋራንቲ ያለው ላፕቶፕ ገዛሁ። በሰባተኛው ወር ስክሪኑ መርገብገብ ጀመረ። ይዤ ሄድኩ። ልጁ ገለበጠው፣ ብሎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ስቲከር አየ፣ ተቀድዳለች አለኝ። ስቲከር ከተቀደደ ጋራንቲ የለም። እኔ ላፕቶፕ ከፍቼ አላውቅም፤ ብሎን መፍቻም የለኝም። ቤት ሄጄ ደረሰኙን ሳይ ነው ትዝ ያለኝ። የገዛሁት ዕለት ራም አስጨምሬ ነበር። የጨመረልኝ የዚያው ሱቅ ቴክኒሻን ነው። ስቲከሯን የቀደዳትም እሱ ነው። ደረሰኙ ላይ ራም ተብሎ ዋጋው ጭምር ተጽፏል። ተመልሼ ባሳያቸው ቴክኒሻኑ ሥራ ለቋል አሉኝ። እንግዲህ እሱ ስቲከሯን ይዞ ነው የለቀቀው!

ያን ታሪክ የጻፍኩት ለማማረር አይደለም። ከጀርባ ኢንሹራንስ ቢኖርስ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር ብዬ ለመጠየቅ ነው። ኢንሹራንሱ ላፕቶፕ ከፍቶ አያይም። ባለሙያ ይልካል፣ ወይ የሱቁን ቴክኒሻን ማስረጃ ጻፍ ይለዋል። በራሱ ተበላሸ ወይስ ሰው አበላሸው የሚለውን የሚወስነው ያ ሰው ነው። ያ ሰው የሱቁ ተቀጣሪ ከሆነ፣ በኢንሹራንስ ቢከፈል ደግሞ ሱቁ ለጥገናው ገንዘብ የሚያገኝ ከሆነ፣ ትናንት በስቲከር የከለከለኝ ሰው ነገ የሞተውንም ያልሞተውንም በራሱ ተበላሸ እያለ ሊፈርም ነው። ሁለቱም ልክ አይደለም። የሚመረምረው ማን ነው ለሚለው መልስ ሳይገኝ ከጀርባ የሚቆመውን መፈለግ አልገባኝም። ይህን ብዬ ዝም አልኩ።

ከ16 እስከ 19 ያለው ሌላ ዓለም ነው። አንዱ ከዱባይ በመጡ ላፕቶፖች ኪቦርድ ላይ ያለው የዐረብኛ ፊደል እንዴት እንደሚነሳ ጠየቀ። ሌላው የአማርኛ ፊደል ተለጣፊ መርካቶ እንደሚገኝ ነገረው። ሦስተኛው ተለጣፊ ምን ያደርጋል፣ ጣት ይልመድ እንጂ ብሎ ስለ ፓወር ግዕዝ ዘመን ትዝታ አወራ። አራተኛው ጸ እና ፀ ለምን ሁለት ቁልፍ እንደሚይዙ ተከራከረ። የሚጠቅመኝ ነገር ከ17 አግኝቻለሁ፤ ኪቦርዴ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ወደ ነገሩ የመለሰን ቁጥር 20 ነው፤ እንደገና አሜሪካ። ኢንሹራንስ ጥቅም የለውም ለምትሉ ሰርኪት ሲቲን አስታውሱ አለ። ያ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በመጋቢት 2009 የመጨረሻ በሩን ዘጋ። መደብሩ ሲሞት የሸጠው የጥገና ውል ግን አልሞተም። ከጀርባ የቆመው አሹራንት የተባለው ኩባንያ ስለነበር ደንበኞች ሱቁ ከተዘጋ በኋላም ይስተናገዱ ነበር። ኢንሹራንስ ማለት ይሄ ነው አለ፤ ሱቅ ቢዘጋም ቃል ይቆያል።

ቁጥር 21 አላስጨረሰውም። ቁጥር 7 ያነሳውን ሦስቱን ምርጫዎች ጠቅሶ፣ ኢንሹራንሱ ራሱስ ቢወድቅ ብሎ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2003 ናሽናል ዋራንቲ የሚባል፣ ነብራስካ ሆኖ የሚሠራ፣ ኬይማን ደሴቶች ውስጥ የተመዘገበ መድን ሰጪ ፈረሰ። ከጀርባው ቆሞ የነበረው ለመኪና ጥገና ውሎች ነበር። ውሉን የሸጡት የመኪና ነጋዴዎች ናቸው፤ ደንበኛውም መኪናውን እየነዳ ወደ እነሱው ደጅ መጣ። አንዳንዱ ከኪሱ ከፈለ፤ አንዳንዱ ፍርድ ቤት ቆመ። ስለዚህ የኢንሹራንስ ወረቀት አለኝ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ወረቀቱን የሰጠው ማነው? ቁጥር 20 በንዴት የመኪናና የላፕቶፕ ነገር አይገናኝም ብሎ ሊመልስ ሞክሮ ጽሑፉን አጠፋው። እኔ ደርሼበታለሁ።

ቁጥር 22 ባለሱቁ ራሱ ነው። መጀመሪያ ለቁጥር 14 መለሰ፤ መለሰ ከማለት ተኮሰ ማለት ይሻላል። ሪፈርቢሽድ ሸጥክልኝ የምትለው ደረሰኝ ካለህ ይዘህ ና፣ ሱቁ ክፍት ነው፣ ከሌለህ ዝም በል ብሎታል። እንዲህ ያለ መልስ ይገባው ነበር። ግን አላቆመም፤ ቁጥር 13ንም አንተ ብሎ ነካካው፤ እሱ እንኳ የሰደበው የለም። ቁጥር 23 የክሩ ተቆጣጣሪ ነው። ሁለቱንም እንዲበርዱ ለመነ፣ አንቱታ ባይቻል አንተነቱ ይለዝብ አለ፤ ከዚህ በላይ ከሄደ ክሩን እዘጋለሁ ብሎ አስጠነቀቀ።

በቁጥር 24 ቁጥር 3 ተመልሳ መጣች። እንደ መጀመሪያው እርስዎ እያለች ነው። ኢንሹራንስ ዘንድ ባዶ እጅ መሄድ አይጠቅምም አለች። እሷ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ ይዞ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው መዝገብ ነው፤ ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ስንት ላፕቶፕ ሸጡ፣ የትኛው ሞዴል፣ ስንቱ ተመለሰ፣ በስንተኛው ወር፣ በምን ብልሽት፣ ጥገናው ስንት አወጣ። ይህ ከሌለ አረቦኑን የሚያወጣው ሰው በጨለማ ነው የሚገምተው፤ በጨለማ የሚገምት ሰው ደግሞ ውድ ነው የሚገምተው። የእኔን የቁጥር 15 ነገርም አንስታ ደገፈችው፤ መርማሪው ከሱቁም ከኢንሹራንሱም የማይቀጠር መሆን አለበት፣ የሚከፈለውም በምርመራው እንጂ በጥገናው መሆን የለበትም አለች። ደስ አለኝ፣ መደበቅ አልችልም። ለጊዜው ግን የምትመክረው ሌላ መንገድ ነው። ሃያና ሠላሳ ላፕቶፕ በአንዴ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ካሉት፣ ለእነሱ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መድን ጋር ያገናኛቸው፤ አረቦኑን ራሳቸው ለኢንሹራንሱ ይክፈሉ። ለስርቆቱና ለመውደቁ መፍትሔ ይኖራል፤ እሱም ፈቃድ የሌለው ሥራ ውስጥ አይገባም። ከውስጥ ለሚመጣው ብልሽት ሱቁ ራሱ ይቁም።

ቁጥር 25 ባለሱቁ እንደገና፤ በርዷል። ቁጥር 13ን ይቅርታ ጠየቀ፤ ቁጥር 14ን አልጠየቀም። የሦስት ዓመቱን ሐሳብ ትቶታል። የሚያደርገውን ዘረዘረ። የሦስት ወሩን ወደ አንድ ዓመት ያደርሰዋል፤ ለብቻው ክፍያ አይኖረውም፤ ዋጋው ውስጥ ይገባል። ከእያንዳንዱ ላፕቶፕ የተወሰነ ብር በሌላ ሒሳብ ደብተር ያስቀምጣል፤ ከሱቁ ገንዘብ ጋር አይቀላቅልም። ይህችን ከቁጥር 7 የ40 በመቶ ነገር እንደወሰዳት ተናገረ። ሻርጅ ማድረጊያ ቦታቸው ስታብላይዘር እንዲኖረው ለደንበኞች ይነግራል፤ በመብራት የተቃጠለውን እንደማይሸፍን ወረቀቱ ላይ በትልቁ ይጽፋል፤ በጥቃቅን ፊደል አይደብቅም። ከዛሬ ጀምሮ የተመለሰውን ሁሉ በኤክሴል ይመዘግባል፤ ሁለት ዓመት ሲሞላ ቁጥር 3 ቢሮ ይሄዳል። የቁጥር 15ን ታሪክ አንብቦ ቴክኒሻኑን ጠርቶታል። ከአሁን በኋላ ላፕቶፕ ሲከፍት አሮጌውን ስቲከር አንስቶ አዲስ ይለጥፋል፤ ቀኑን ይጽፋል፤ ይፈርምበታል።

ቴክኒሻኑ በስክሪፕቶ ልፈርም ወይስ በማርከር ብሎ እንደጠየቀውም ጽፏል። በማርከር ይሁን፤ ስክሪፕቶ ይለቃል።

ቁጥር 26 ትናንት ማታ ነው የገባው። ቁጥር 2 ራሱ ነው። ሕንፃውን አግኝቶታል፤ ሱቁ መስኮት ላይ ያያት ባለ 16 ጊጋ ራም ላፕቶፕ የመጨረሻ ዋጋዋ ስንት እንደሆነ፣ የአንድ ዓመቱን ጋራንቲ ትቶ ቢገዛ ስንት እንደሚቀንስለት ጠየቀ።